ራሷን ብታነሳ ምን አለበት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እትማችሁ ራሳቸውን ፎቶ የሚያነሱ ሴቶችን የወቀሰውን ጽሑፍ አነበብኩት። ለታይታ የሚያነሱ የሉም አልልም፤ ሞልተዋል፣ ወንዶቹም አሉበት። በጅምላ መውቀስ ግን ደስ አይልም።

ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ገብቶ ያየ ያውቃል። እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው፣ መልካቸውን የሣለው ግን የሌላ ሰው እጅ ነው። ሴት ራሷን እንዴት እንደምታይ ማን ጠየቃት?

ሜክሲኳዊቷ ሠዓሊ ፍሪዳ ካህሎ እ.ኤ.አ. በ1925 በአውቶብስ አደጋ አጥንቷ ተሰባብሮ አልጋ ላይ ዋለች። ከበላይዋ መስታወት ተሰቅሎላት ራሷን መሣል ያዘች። የተጋጠመ ቅንድቧን፣ ከከንፈሯ በላይ ያለውን ጸጉር ሳይቀር ሣለችው። ለታይታ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትደብቀው እሱን ነበር።

እዚህ ባሕር ዳር የእህቴ ልጅ ስልኳን ጀሪካን ላይ አስደግፋ ራሷን ታነሳለች። ሊጥ የነካ እጇን አትታጠብም። ሰሞኑን ደግሞ የአያቷን የአንገት ንቅሳት በዓይን ኩል አንገቷ ላይ ሥላ ፎቶ ተነሳች። እናቴ ፎቶውን አየችና «መስመሩ ተንጋዷል፤ ነይ ላስተካክልልሽ» አለቻት።

ለሚቀጥለው እትም እንዲህ ያሉትን ልጆች ብታነጋግሯቸው ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር