አባባ፣ ሥራዬን አልለቅም

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ጀምረን ኔትወርኩ ያቋረጠብንን ወሬ፣ ረጋ ብለው በመነጽርዎ እንዲያነቡት ብዬ ጻፍሁልዎ።

አክስቴ የነገረችዎ ግማሹ እውነት ነው። ድራም እመታለሁ። «ሥራዋን ለቃ ከባንድ ጋር ልትዞር ነው» ያለችውን ግን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ከላብራቶሪው አልወጣሁም፣ የመውጣትም ሐሳብ የለኝም። ባንዱንም አልተውም። «ከሁለት ያጣሽ እንዳትሆኚ» ብለውኛልና የአንድ ባንድ ታሪክ ልንገርዎ። ሆን ብዬ ነው የመረጥሁት፤ ድምፃዊው እንደ እርስዎ የባዮሎጂ ሰው ነው።

መጀመሪያ ግን «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» ያሉኝ ነገር ፖፕ ፐንክ ይባላል። ፐንክ ፈጣንና አጭር ሮክ ነው፤ ጊታሩ ይሻክራል፣ ድራሙ አያርፍም። ፖፕ ያሰኘው በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ሕፃን እንኳ አንዴ ሰምቶ የሚያንጎራጉረው ዜማ ስላለው ነው። ከእነዚህ ባንዶች ብዙዎቹ በሬዲዮ አይሰሙም። ሸክላቸውን ትንንሽ አሳታሚዎች ያወጡላቸዋል፣ በአንድ አሮጌ መኪና ታጭቀው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፣ በየጋራዡና በየጠባቡ አዳራሽ ይጫወታሉ። አንደርግራውንድ የሚሏቸው ለዚህ ነው እንጂ፣ አክስቴ እንደምትጠረጥረው የሚደብቁት ነገር ኖሯቸው አይደለም።

ባንዱ ዲሴንደንትስ ይባላል። በ1977 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ተጀመረ። ድምፃዊው ማይሎ ኦከርማን በ1980 ገባ፤ መነጽር ያደረገ፣ ፐንክ የማይመስል ልጅ። በ1982 የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው ወጣ፦ 15 ዘፈን፣ ሁሉም ተደምሮ 22 ደቂቃ ገደማ። የእርስዎን የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ማለት ነው! የአልበሙ ርእስ ራሱ ማይሎ ኮሌጅ ሊገባ መሆኑን ይናገራል። ሰው ገና ሊያውቃቸው ሲል ድምፃዊው ባዮሎጂ ሊማር ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሲሄድ ሲመለስ ኖረ። በ1985 ተመልሶ ሌላ አልበም ሠሩ፤ በ1987 እንደገና ለትምህርቱ ወጣ። ዶክትሬቱን በሳንዲያጎ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያዘ፣ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራመረ፣ ከዚያም ዱፖንት በሚባለው ኩባንያ ለብዙ ዓመታት የዕፅዋት ተመራማሪ ሆኖ ሠራ። በመሐሉ በ1996 እና በ2004 ከጓደኞቹ ጋር አልበም አውጥቷል። ምርምሩን ትቶ ጠቅልሎ ወደ ሙዚቃው የዞረው በ2016 ነው፤ ያኔ ዕድሜው 50ን አልፏል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው የማይሎን ነው። እኔ የማደላው ለድራመሩ ነው፤ መቼም አይፈርዱብኝም። ቢል ስቲቨንሰን ማይሎ ሲሄድ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። መጀመሪያ ብላክ ፍላግ ከሚባል ባንድ ጋር መታ። ማይሎ ዳግመኛ ሲሄድ የቀሩትን ይዞ «ኦል» በሚል ስም ቀጠለ፤ ሦስት ድምፃውያን ተፈራርቀውበታል። ያው ድራም፣ ያው ጊታር፣ ያው ቤዝ፤ ሰሚው ብቻ አነሰ። እነርሱ ግን መጫወታቸውን አላቆሙም። በ1994 ኮሎራዶ ውስጥ፣ ፎርት ኮሊንስ በምትባል ከተማ ስቱዲዮ ከፈቱና የሌሎችን ባንዶች ሥራ መቅረጽ ያዙ። በኋላ ቢል ጭንቅላቱ ውስጥ ትልቅ ዕጢ ተገኝቶበት በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ አገግሞ ተመልሶ ድራሙ ላይ ተቀመጠ።

ሁሉም እንዲህ አልሆነላቸውም። የመጀመሪያው ጊታሪስት ፍራንክ ናቬታ የሙዚቃ መሣሪያውን አውድሞ ኦሪገን ሄደና ዓሣ አጥማጅ ሆነ፤ በ2008 ዐረፈ። ቤዝ የሚመታው ቶኒ ሎምባርዶ ደግሞ ከሌሎቹ በዕድሜ በጣም የሚበልጥ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ለረጅም ዙረት መውጣት አልፈለገምና ቀረ። እርስዎ ይህን ሰውዬ ይወዱት ነበር።

በዚሁ ሙዚቃ የከበሩም አሉ። ግሪን ደይ የሚባሉት በርክሊ ውስጥ፣ በጎ ፈቃደኞች ከሚያስተዳድሩት ጊልማን ከተባለ አዳራሽ የወጡ ናቸው። ከትልቅ ኩባንያ ጋር ሲፈራረሙ አዳራሹ በደንቡ መሠረት በሩን ዘጋባቸው፤ በ1994 ያወጡት አልበም ግን በሚሊዮኖች ተሸጠ። የእነርሱ ነገር እኛን አይመለከትም። ባሕር ዳር ላይ የሚዘጋብንም አዳራሽ የለን።

እኛ አራት ነን፤ አንድ መምህር፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ፋርማሲ የምትሠራ ልጅና እኔ። የምንለማመደው እሑድ ከሰዓት አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ጎረቤቶቹ ከመጋዙ ድምፅ ለይተን አናውቃችሁም ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ጊታሩ ቀጥ ይላል፣ እኔ እቀጥላለሁ። የምንዘፍነው በአማርኛ ነው። የፐንክ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፣ መነሻውንና፣ በዶ ሬ ሚ ሲቆጠር፣ አምስተኛውን። ሙሉ ትዝታም ሆነ ግማሽ ትዝታ እነዚህን ሁለቱን ይጋራሉ፤ የሚለያዩበትን ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ጊታሩ ስለሚተወው ድምፃዊቷ ወደ ወደደችው ቅኝት ትሄዳለች። ይህን ማንም አላስተማረን፤ ስንሞክር ነው የገባን። አሁን ማሲንቆ የሚመታ ሰው እየፈለግን ነው፤ እዚያ ፍኖተ ሰላም የሚያውቁት ካለ ይንገሩኝ።

«አዝማሪ ልትሆኚልኝ ነው?» ያሉኝንም አልረሳሁትም። አባባ፣ በየሠርጉ ለአዝማሪው ግጥም ሲሰጡ፣ ሲቀበልዎ ደስ ብሎዎት ብር ግንባሩ ላይ ሲለጥፉለት አይቼ ነው ያደግሁት። የሰው ልጅ ሲሆን ጥበብ፣ የራስ ልጅ ስትሆን ውርደት እንዴት ይሆናል? ይህን በስልክ አልደፍረውም ነበር።

ገንዘብ አናገኝበትም። ለድራም በትርና ለገመድ ከደመወዜ አወጣለሁ። ለእርስዎ የምልከው ግን አልቀነሰም፣ አይቀንስምም። ማይሎም ይሁን ሌላው እንዳደረገው በስተርጅና ሥራዬን ጥዬ እዞራለሁ ብዬም አላስብም። 50 ዓመት ሲሞላኝ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የወባ ስላይድ ስቆጥር የሚያገኙኝ ይመስለኛል፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ እንጨት ቤቱ ውስጥ። አሁን የወባው ወቅት ስለሆነ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ተረኛ ስሆን ልምምዱ ይቀራል እንጂ ሥራው አይቀርም። አለቃዬን ቢጠይቋት ትመሰክርልኛለች።

ከደብዳቤው ጋር የዘጌ ቡና ልኬልዎታለሁ። እነ ዲሴንደንትስም ለቡና ያላቸው ፍቅር ሌላ ነው፤ ዘፈን ሠርተውለታል። እርስዎ ግን ሐኪሙ እንዳዘዘዎት ከአንድ ስኒ አይለፉ። የጆሮ መሣሪያዎ ባትሪ በትንሿ ፌስታል ውስጥ አለ፤ ከቡናው ጋር እንዳይፈጭ!

መንገዱ ሰላም ከሆነ ለገና እመጣለሁ። የቀረጽነውን በስልኬ ይዤ ስለምመጣ አክስቴም ትጠራና አብራችሁ ትሰሙታላችሁ። ደስ ካላላችሁ አጠፋዋለሁ፤ ደግሞ 2 ደቂቃ ነው፣ ሳታማርሩ ያልቃል።

ልጅዎ
ከባሕር ዳር