641ን ለማግኘት ኮምፒዩተር አያስፈልግም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የሒሳብ ዓምዳችሁ 4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው) አለመሆኑን በትክክል ጽፏል። አካፋዩን ለማግኘት ግን ከ65,536 በታች ያሉትን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ መሞከር፣ ለዚያም ኮምፒዩተር የግድ ነው ማለቱ አንባቢን ያሳስታል። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 ሲያገኘው ከብዕርና ከወረቀት ሌላ ምን ነበረው?

ቁጥሩ 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት የሚገኝ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ የሁለቶቹ ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያለ በእጥፍ ሲያድግ በዚህ መንገድ የሚሠሩት ሁሉ ብቸኛ ይሆናሉ ብሎ ገምቶ ነበር፤ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 በእርግጥም ናቸው። ስድስተኛው ላይ ግምቱ ፈረሰ።

ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። አንድ ብቸኛ ቁጥር ይህን ቁጥር ካለ ቀሪ ካካፈለው፣ በእሱ ሲካፈሉ የ32 ሁለቶች ብዜት ቀሪ −1 (ማለትም እኩል ለመካፈል 1 የጎደለው)፣ የ64ቱ ደግሞ 1 ይሆናል። ቀሪው 1 እንዲሆን የሚበቃው ትንሹ የሁለቶች ብዛት፣ እዚህ 64፣ ከብቸኛ ቁጥሩ በ1 የሚያንሰውን ቁጥር ሁልጊዜ ካለ ቀሪ ያካፍላል። ስለዚህ ከአካፋዩ ላይ 1 ሲነሳ የቀረው ለ64 መካፈል አለበት። ሌላው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ሉካስ በኋላ ለ128ም እንደሚካፈል አረጋገጠ። በዚህ ወንፊት የሚያልፉት 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ። 129 እና 513 ለ3፣ 385 ለ5 ስለሚካፈሉ ይወድቃሉ። 257 ቀሪው 2 ነው። ቀጣዩ 641 ነው፤ ፍለጋው አለቀ!

ማረጋገጫው በስምንት አሃዝ ካልኩሌተርም ይሠራል፤ ትልቁን ቁጥር ማስገባት አያስፈልግም። 16 ሁለቶች ሲባዙ 65,536 ናቸው፤ ለ641 ሲካፈል 154 ይቀራል። 32 ሁለቶች የ65,536 በራሱ ብዜት ስለሆኑ 154ንም በራሱ እናባዛ፦ 23,716። 641 × 37 ደግሞ 23,717። የጎደለችው 1 መጨረሻ ላይ የምትደመረው ናት። ትልቁ ቁጥር ለ641 ሲካፈል ድርሻው 6,700,417 ነው።

እሱስ ብቸኛ ነው? በዚያው ወንፊት እስከ 2,588 (2,589 በራሱ ሲባዛ ከ6,700,417 ይበልጣል) የሚቀሩት ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው፤ ቀሪዎቻቸው በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334፣ 622። አዎ፣ ብቸኛ ነው።

በቀጥታ ማካፈል የሚመርጥ ሰው ግን ይጠንቀቅ። 4,294,967,297 ለ257 ሲካፈል እውነተኛው ውጤት 16,711,935.0078 አካባቢ ነው። ከነጥብ በኋላ ያለውን የሚቆርጥ ማሽን 257ን አካፋይ ያስመስለዋል፤ መልሶ ማባዛት ያስፈልጋል።

ፕሮግራም ለሚጽፉ ደግሞ፦ ምልክት አልባ የ32 ቢት ቦታ የሚይዘው እስከ 4,294,967,295 ብቻ ስለሆነ፣ 4,294,967,297 እዚያ ሲገባ 1 ሆኖ ይቀመጣል። ቦታው ቢሰፋም በ2 የሚደረገው የፌርማ ፈተና (ከቁጥሩ በ1 ያነሱ ሁለቶች ተባዝተው ለቁጥሩ ሲካፈሉ 1 ይቀር እንደሆነ የሚያይ) ብቸኛ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። በ3 ሲፈተን ይወድቃል።