የፕሮግራሚንግ ክበብ፦ ኤዲተር ስንመርጥ የከረምንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ 17 አባላት ነበሩት። ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተር ላብ ውስጥ እንገናኛለን፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ደብተርና እርሳስ ይዘን ግቢው ዛፍ ሥር። የተማርነው ረስትን ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ብራውዘርን የመሳሰሉ ለማሽኑ ቀርበው የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚጻፉበት ቋንቋ ነው፣ 1.0 የተባለው ስሪቱ የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ.። ስለ ቋንቋው ግን ብዙ አልጽፍም። ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን ሌላ ነው፦ ኮዱን በየትኛው ኤዲተር፣ ማለትም በየትኛው የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም፣ እንጻፍ?

የላባችን ኮምፒውተሮች 4 ጊጋ ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) ብቻ ነው ያላቸው፤ ክርክሩም የመጣው ከዚህ ነው። ረስት ሮቨር የሚባለው ለረስት የተሠራ ትልቅ ኤዲተር በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ አይተን ሁላችንም ጎመጀን፣ ለንግድ ላልሆነ ሥራም በነፃ ነው። የእኛ ማሽኖች ግን አልቻሉትም። ቪኤስ ኮድ የሚባለው ሌላ ኤዲተር ተከፈተ፤ እሱም ብራውዘር በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ በአሮጌ ማሽን ላይ አንድ ፊደል ጽፈን እስኪታይ የምንጠብቅበት ቀን ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ስህተቱን በቀይ የሚያሰምረው በአብዛኛው ኤዲተሩ ራሱ አይደለም። ረስት አናላይዘር የሚባል ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም አለ፣ ከ2022 ጀምሮም የረስት ፕሮጀክት አካል ነው። ቪኤስ ኮድም፣ ኒኦቪምና ሂሊክስ የሚባሉት ሌሎች ኤዲተሮችም የሚጠይቁት እሱኑ ነው። ስለዚህ «የኔ ኤዲተር ስህተት ይይዛል፣ ያንተ አይዝም» የሚለው ጭቅጭቅ እዚህ ላይ አለቀ። አናላይዘሩም ራም ይበላል፤ ኤዲተሩ ቀለል ሲል ግን ለእሱ ቦታ ይተርፋል።

ጥር ላይ ወደ ሂሊክስ ዞርን። ራሱም በረስት የተጻፈ ነው፣ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ውስጥ ወዲያው ይከፈታል። ችግሩ አማርኛ ላይ ነው። በሂሊክስም፣ ኒኦቪም በተነሣበት በቪምም መጻፍ እስክትጀምር ድረስ ፊደሎቹ ትእዛዝ ናቸው፤ የጄ ቁልፍ ወደ ታች ያወርዳል። አማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆነህ ስትጫነው ግን «ጅ» ይደርሰውና ዝም ይላል። ተርሚናሉም ፊደሎቻችንን እየደራረበ አስቸገረን። ኮዳቸው ውስጥ ማብራሪያ በአማርኛ የሚጽፉት ልጆች ወደ ቪኤስ ኮድ ቢመለሱ አልፈርድባቸውም።

ቪምን ስንከፍት በኡጋንዳ ላሉ ችግረኛ ልጆች እርዳታ የሚጠይቅ መልእክት ወጣ። በ2023 ያረፈው ሠሪው ብራም ሙሌናር ገንዘብ ይጠይቅ የነበረው ለእነሱ ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «የነጭ ዓባይ ልጆች ናቸዋ!» አለ። ጣና ዳር ሆነን ይህን ስንሰማ ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ አለ።

የዓመቱን ትልቅ ትምህርት ያገኘነው ግንቦት ላይ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የጣና አካባቢ ስሞችን፣ ዘጌን፣ ደቅን፣ ጎርጎራን፣ በመጀመሪያ ፊደላቸው የሚመድብ ፕሮግራም ጻፈች። ፊደሉን ለመውሰድ የመጀመሪያዋን ባይት (ኮምፒውተር ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚያስቀምጥበትን ትንሽ ክፍል) ቆረጠች። ኤዲተሩ ምንም አላሰመረም፤ ፕሮግራሙ ግን ገና ሲጀምር ወደቀ። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ማስቀመጫ ስልት አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ዘጌ» ለእኛ 2 ፊደል ናት፣ ለረስት 6 ባይት። አንድ ባይት መቁረጥ «ዘ»ን ለሦስት ሰንጥቆ አንዱን ስንጣሪ እንደ ማንሳት ነው፣ ረስትም ይህን አይፈቅድም። አንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ በሚይዝበት በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፈው ኖሮ ስህተቱ ተደብቆ ይቀር ነበር። በሦስቱም ኤዲተሮች ሞከረችው፤ ሦስቱም ዝም አሉ። በመጨረሻ በባይት መቁረጡን ትታ በፊደል እንዲቆጥር አደረገችው፣ ሠራም።

ከዚያ ወዲህ አቋሜ ግልጽ ነው፦ የኤዲተሩን ዝምታ ማመን አይበቃም። አዲስ አባላት የመጀመሪያውን መንፈቅ ምንም በማያሰምር ተራ ኤዲተር ይጽፋሉ፣ ኮዱን የሚፈትሸውን የረስት ትእዛዝ፣ ካርጎ ቼክን፣ ራሳቸው ያስኬዳሉ፣ የሚመጣውን መልእክትም ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። የ12ኛ ክፍሎቹ አልተስማሙም፤ «ጀማሪን ያሰለቻል» ይላሉ። መስከረም ላይ እንሞክረዋለን። እነሱም ከመሄዳቸው በፊት ረስትን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን ሰነዱንና ሦስቱንም ኤዲተሮች በአንድ ፍላሽ ላይ ጭነው አስረክበውናል። ፍላሹ ላቡ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ አለ።