ውዱ የቡድን ጉዞ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የሚቀጥለውን ዓመት የውጭ አገር ጉዞ ፕሮግራሞች ከላክንላችሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ እየደጋገማችሁ ትጠይቁናላችሁ። «ይሄ ፕሪሚየም የምትሉት የቡድን ጉዞ ከመደበኛው በጣም ይወደዳል። ለመሆኑ ገንዘቡን ያወጣል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በስልክ ቸኩለን ከምንመልስላችሁ ቁጭ ብለን ብንጽፈው ይሻላል ብለን ይህን ደብዳቤ ልከንላችኋል።

ባጭሩ የምናምነው ይህን ነው። ተጨማሪው ክፍያ ትንሽ ቡድን፣ ጥሩ አስጎብኚና በቂ ጊዜ ከገዛላችሁ ያወጣል። የሆቴል ኮከብ ብቻ ከገዛላችሁ ግን አያወጣም። ችግሩ ሁለቱም «ፕሪሚየም» ተብለው መሸጣቸው ነው። ስሙን ማንም ሊለጥፈው ይችላል። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ጠይቁ።

ከሆቴሉ እንጀምር፤ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ደክሟችሁ የምትገቡበት ክፍል አልጋው ምቹ፣ ውሃው ሙቅ ከሆነ ከዚያ በላይ ያለው ጌጥ ብዙም አይጠቅማችሁም። ከኮከቡ ይልቅ አድራሻውን እዩ። ፕሮግራሙ «በፍሎረንስ አካባቢ» ካለ «ፍሎረንስ ውስጥ» ማለቱ አይደለም። «አካባቢ» የምትለው ቃል አንዳንዴ የአንድ ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ናት። መሀል ከተማ ያለ ሆቴል ማታ በእግር ወጥታችሁ አደባባዩን እንድታዩ ያስችላችኋል። ለዚህ ተጨማሪ መክፈል አያስቆጭም።

ዋናው ነገር የሰው ቁጥር ነው። ደንበኞቻችን ከሁሉም አሳንሰው የሚያዩትም ይህንኑ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። 45 ሰው የጫነ አውቶቡስ ቆመ እንበል። ሰው በአንድ በር ሲወርድ ለእያንዳንዱ 20 ሴኮንድ ብንሰጥ፣ የመጨረሻው ሰው መሬት የሚረግጠው ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው። ሲሳፈሩም እንደዚያው ነው። በቀን 4 ቦታ ብትቆሙ መውረድና መሳፈር ብቻ 2 ሰዓት ይበላል። 16 ሰው ብትሆኑ ግን 40 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ገና የመጸዳጃ ቤቱን ወረፋ፣ የጠፋውን ሰው ፍለጋና የምሳውን ሂሳብ አልቆጠርንም። በ10 ቀን ጉዞ ሲደመር ልዩነቱ ሙሉ የጉብኝት ቀን ያህላል። እናም የትንሽ ቡድን ዋጋ ሲወደድባችሁ ቀን እየገዛችሁ እንደሆነ አስቡት።

ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ትልቅ ቡድን ሲሆን ጆሮ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ ይሰጣችኋል። አስጎብኚው በማይክ ያወራል፣ እናንተ ትሰማላችሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን አስጎብኚው ቀድሞ ሁለተኛው ክፍል ይገባል፤ እናንተ ከሰው ኋላ ሆናችሁ ገና የመጀመሪያው ሥዕል ፊት ናችሁ። ጆሯችሁ ስለ አንዱ ሥዕል ይሰማል፣ ዓይናችሁ ሌላውን ያያል። ከዚያ ድምፁ ይቆራረጥና ይጠፋል። ጥያቄ ልጠይቅ ብትሉ ማን ሰምቷችሁ? 14 ወይም 15 ሰው ሲሆን ግን አስጎብኚው በሦስተኛው ቀን ስማችሁን ያውቃል። ሥዕል የሚወደው ማን እንደሆነ፣ ደረጃ የሚከብደው ማን እንደሆነ ያውቃል። አካሄዱንም በዚያው ልክ ያስተካክላል።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ የቡድኑን መጠን የሚወስነው ሕጉ ራሱ ነው። ቬኒስ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የአስጎብኚ ቡድን ከ25 ሰው እንዳይበልጥ ከልክላለች፤ የድምፅ ማጉያም አግዳለች። በጋላፓጎስ ደሴቶች አንድ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ከ16 ሰው በላይ ይዞ መሄድ አይችልም። አንታርክቲካ ላይ በአንድ የማረፊያ ቦታ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ መንገደኛ አይወርድም። ከ500 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ ጭራሽ ማንንም ማውረድ አይፈቀድለትም። ይህ ለኪሳችሁ ምን ማለት እንደሆነ አስቡ። 400 ሰው የያዘ መርከብ ላይ ከሆናችሁ ተራ ትጠብቃላችሁ። 100 ሰው የያዘው ላይ ከሆናችሁ ሁላችሁም አብራችሁ ትወርዳላችሁ፤ በረዶው ላይ የምትቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። እዚህ ጋ ትንሹና ውዱ መርከብ በእርግጥም ያወጣል። ሳናመነታ እንመክራለን።

በተቃራኒው ገንዘብ የማይለውጠው ነገር አለ። ሩዋንዳና ኡጋንዳ ውስጥ የተራራ ጎሪላ ለማየት አንድ የጎሪላ ቤተሰብ ዘንድ በቀን የሚሄደው ቢበዛ 8 ጎብኚ ነው። በመደበኛው ጉብኝት ከጎሪላዎቹ ጋር የምትቆዩትም አንድ ሰዓት ነው። የፈቃዱን ዋጋ የሚተምነው መንግሥት ነው። በቅንጡ ሎጅ ያደረውም በተራ ማረፊያ ያደረውም ያንኑ አንድ ሰዓት ነው የሚያገኘው። ሚላን ያለው የዳ ቪንቺ «የመጨረሻው እራት» ፊት ለሁሉም ሰው የተፈቀደው 15 ደቂቃ ነው። ስለዚህ አንድ ድርጅት «ልዩ የጎሪላ ጉብኝት» ብሎ ዋጋ ሲቆልል፣ ልዩ የሆነው ጎሪላው ነው ወይስ ሎጁ ብላችሁ ጠይቁ። ሎጁን ከፈለጋችሁት መልካም ነው። ግን ምን እየገዛችሁ እንደሆነ እወቁ።

ቲኬት ቀድሞ መያዝ ግን እውነተኛ አገልግሎት ነው። ፔሩ ውስጥ ወዳለው ጥንታዊ ከተማ ወደ ማቹ ፒቹ በሚወስደው የኢንካ የእግር መንገድ በቀን የሚፈቀደው 500 ሰው ነው፤ ዕቃ ተሸካሚዎቹና አስጎብኚዎቹም እዚያው ቁጥር ውስጥ ናቸው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሳይዙ መግባት አይቻልም፤ በአውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ ወር ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። ስፔን ውስጥ ግራናዳ ባለው ጥንታዊ ግንብ በአልሐምብራ የናስሪድ ቤተ መንግሥቶችን ለማየት ቲኬታችሁ ላይ በተጻፈው ሰዓት መድረስ አለባችሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ከወራት በፊት ጨርሶ የሚጠብቃችሁ ድርጅት ለክፍያው ሥራ ሠርቷል።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ ንባብ እንምጣ። የቀን ፕሮግራም ሲደርሳችሁ ፎቶዎቹን እለፉና ግሦቹን አንብቡ። «እንጎበኛለን» ማለት አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያ ክፍያው ተካቷል፣ ውስጥ እንገባለን ማለት ነው። «እናያለን» ማለት ከውጭ ሊሆን ይችላል። «በአጠገቡ እናልፋለን» ማለት በአውቶቡሱ መስኮት ነው። «ነፃ ጊዜ» ደግሞ አንዳንዴ እረፍት ነው፣ አንዳንዴ ለብቻው የሚሸጥ ተጨማሪ ጉብኝት ነው። ይህን ለይታችሁ ስታሰምሩበት ርካሽ የመሰላችሁ ጉዞ ከውዱ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ቀኖቹንም ከቦታዎቹ የመዝጊያ ቀን ጋር አስተያዩ። የፓሪሱ ሙዚየም ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ነው። ታጅ ማሃል ዓርብ ለጎብኚ አይከፈትም። ዓርብ ታጅ ማሃል ወዳለባት አግራ የሚያስገባችሁና ቅዳሜ ጠዋት የሚያስወጣችሁ ፕሮግራም ካያችሁ፣ ያዘጋጀው ሰው አላሰበበትም።

ከፍታም እንዲሁ ነው። ወደ ማቹ ፒቹ የሚሄዱ ሰዎች መጀመሪያ የሚያርፉባት ኩስኮ ከተማ ከባህር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ማቹ ፒቹ ግን 2,430 ሜትር ላይ ነው፤ ከኩስኮ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ያሰበበት ፕሮግራም ኩስኮ አውሮፕላን ማረፊያ እንደደረሳችሁ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው «ቅዱሱ ሸለቆ» ወደሚባለው ቦታ ወስዶ ያሳድራችሁና ሰውነታችሁ ሲለምድ ኩስኮን ያስጎበኛችኋል። ቸኩሎ የተሠራው በመጀመሪያው ከሰዓት ኩስኮን በእግር ያዞራችኋል፤ ማታ ራስ ምታቱ አያስተኛችሁም። በወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ቦታዎቹም ያው ናቸው። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

በእኛም እጅ የደረሰ ጥፋት አለ፤ ልንነግራችሁ ይገባል። አንዲት እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ከእኛ ጋር በሚሠራ አንድ ድርጅት በኩል ውድ የተባለውን የ10 ቀን ጉዞ ገዙላቸው። ሆቴሎቹ ሁሉ ምርጥ ነበሩ። ግን በ9 ሌሊት 6 ሆቴል ነበር። እኛም ፕሮግራሙን አይተን አለፍነው። ሲመለሱ ልንጠይቃቸው ሄድን። «ከአራተኛው ሌሊት ጀምሮ ሻንጣዬን መክፈት ተውኩ» አሉን። አንድ ቀሚስ ላይኛው ኪስ አድርገው እሱኑ እያጠቡ ለበሱ። ሌላው ልብስ ታጥፎ እንደሄደ ተመለሰ። ቅሬታ እንኳ አላሰሙም፤ እኛን ያሳፈረንም ያ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ፕሮግራም ሲመጣልን መጀመሪያ የምንቆጥረው በአንድ ሆቴል ስንት ሌሊት እንደሚታደር ነው። በአማካይ ከሁለት ሌሊት ካነሰ፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ ለጠንካራ ወጣት እንጂ ለወላጅ አንሸጠውም።

ስለ ሰዎቹም እንንገራችሁ። የከተማ አስጎብኚና የቡድን መሪ አንድ አይደሉም። የከተማው አስጎብኚ ለአንድ ቀን መጥቶ አስረድቶ ይሄዳል። የቡድን መሪው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አብሯችሁ ነው። ርካሽ ጉዞ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አንድ ሰው ይሠራዋል። ሁሉም ደህና ሲሆን ችግር የለውም። አንድ ሰው ፓስፖርቱ ሲጠፋ ግን ያ ብቸኛ ሰው ወይ ቡድኑን ጥሎ ወደ ፖሊስና ኤምባሲ ይሄዳል፣ ወይ ፓስፖርት የጠፋበትን ብቻውን ይልከዋል። ሁለት ሰው ካለ ጉብኝቱም አይቋረጥም፣ እናንተም ብቻችሁን አትቀሩም። ብዙ ላልተጓዘ ሰው፣ ቋንቋው ለማይገባው፣ ሕመም ላለበት ሰው ለዚህ ቢከፍል አይቆጨውም።

ለአንዳንዶቻችሁ ግን አትግዙ ነው የምንለው። አንድ ሥዕል ፊት አንድ ሰዓት መቆም የምትወዱ ከሆነ ምርጡ ቡድንም ያስጨንቃችኋል። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነም እንደዚያው። እንደ ጃፓን ያለ ባቡሩ ሰዓት የሚያከብርበት፣ ምልክቱ በእንግሊዝኛም የተጻፈበት አገር ከሆነ የምትሄዱት፣ በራሳችሁ ሂዱና ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻ የግል አስጎብኚ ቅጠሩ። ከፕሪሚየሙ ቡድን ያነሰ ትከፍላላችሁ፣ የበለጠም ታያላችሁ። ይህን ስንል ሽያጭ እንደሚቀርብን እናውቃለን።

ብቻችሁን የምትጓዙ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚታየው ዋጋ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ክፍል ለሁለት ተጋርቶ ለአንድ ሰው የሚወጣው ነው። ለብቻ ክፍል ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ሆቴሉ በተወደደ ቁጥር እሱም ይወደዳል። ፈቃደኛ ከሆናችሁ ክፍል የሚጋራችሁ ሰው እንዲፈልጉላችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው ጉዳይ ቀብዱ ነው። ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጀመሪያ የባቡር ሽርሽሩን ያዘጋጀውን ሰው ስም የወረሰ የብሪታንያ የጉዞ ድርጅት ነበር። በሴፕቴምበር 2019 በአንድ ሌሊት ተዘጋ። ወደ 150,000 የሚጠጉ የብሪታንያ መንገደኞች ውጭ አገር ሳሉ ነበር። መንግሥት አውሮፕላን ተከራይቶ መለሳቸው። ጥቅል ጉዞ ገዝተው ገና ያልሄዱት ደግሞ ገንዘባቸውን በዋስትና ሥርዓቱ አስመለሱ። ትልቅ ስም ዋስትና አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ «ድርጅቱ ቢዘጋ ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የጥቅል ጉዞ ሻጭ ለዚህ ዋስትና መያዝ ግዴታው ነው። ከውል በኋላ ዋጋው ከ8 በመቶ በላይ ቢጨምር ተጓዡ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላል። ከ6 ቀን የሚረዝም ጉዞ በሰው ማነስ የሚሰረዝ ከሆነም ቢያንስ ከ20 ቀን በፊት ሊነገረው ይገባል። ሌላ አገር ከሚገኝ ድርጅት የምትገዙ ከሆነ እነዚህን ሦስቱን ውሉ ውስጥ ፈልጓቸው።

ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ ቪዛው ቢከለከል ቀብዱ ተመላሽ ይሆን እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። ለሼንገን ቪዛ (ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። ፕሪሚየም የተባለ ፓኬጅ ሁሉ ኢንሹራንስ አያካትትም።

ያያችሁት ፕሮግራም ካለ፣ ከእኛ ባይሆንም፣ ላኩልን። የሌሊቶቹን ቁጥር ቆጥረን፣ ግሦቹ ላይ አስምረን፣ ያልተካተተውን ጽፈን በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እንመልስላችኋለን። ለዚህ አናስከፍልም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ብቻ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ዝግጅት ክፍላችን