ስፖንጅ ተክል አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ባሕር ፍጥረታት ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ደሴ ብዙ ሰው አንብቦታል። ስለ ዓሣውና ስለ ኮራሉ የጻፋችሁት ደህና ነው፤ በእሱ አልሟገትም። እኔን ያንገበገበኝ አንድ ቃል ነው። ስፖንጅን «ባሕር ወለል ላይ የሚበቅል ተክል» አላችሁት።

ተክል አይደለም። እንስሳ ነው።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዘገባው በወጣ ማግስት አንዲት ተማሪዬ ስልኳን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ተክል ብዬ ኤክስ አድርገውብኛል። ይኸው ጋዜጣው ተክል ይላል» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። ቤተ ሙከራችን ውስጥ አውጥቼ የማሳየው አንድ ስፖንጅ እንኳ የለም። ያለኝ ጠመኔ ነው። በጠመኔ ከጋዜጣ ጋር መከራከር ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ? አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እናንተ ያጣመማችሁትን ሳቃና አለቀ።

ተክል ምግቡን በፀሐይ ብርሃን ራሱ ይሠራል። ስፖንጅ ግን ይበላል። ገላው ወንፊት ነው፤ ውሃ በጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች ይገባና ከላይ ባለው ሰፊ ቀዳዳ ይወጣል። ውሃውን የሚነዱት የውስጡን ግድግዳ የሸፈኑ ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዳቸው እንደ ጅራፍ የሚርገበገብ ጭራ አላቸው። በጭራው ዙሪያ ያለው አንገትጌ ደግሞ ባክቴሪያውን ለቅሞ ያስቀራል። አፍ የለውም፣ ሆድ የለውም፣ ነርቭ የለውም። ያም ሆኖ ከጣት የማይወፍር፣ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም አንድ ስፖንጅ በቀን ከ20 ሊትር በላይ ውሃ ያሳልፋል። ክፍሉ ጸጥ ያለው ይህንን ስነግራቸው ነው። ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት ያልወጣ ልጅ እኔ ክፍል ውስጥ የለም። 20 ሊትር ስንት እንደሆነ በትከሻቸው ያውቁታል።

ከቦታው አለመንቀሳቀሱ አሳስቷችሁ ከሆነ ይገባኛል። የድሮ ሊቃውንትንም አሳስቷል። ነገር ግን የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ኤሊስ ውሃው ሲገባና ሲወጣ አይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1765 ነው። በ1907 ደግሞ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ሕያው ስፖንጅ በሐር ጨርቅ አጥልሎ ሕዋሳቱን በታተናቸው። ሕዋሳቱ እየተሳቡ ተፈላለጉ፣ ተያያዙ፣ መልሰው ስፖንጅ ሆኑ። የተክል ሕዋስ በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ስለሆነ እንዲህ ተስቦ ጓደኛውን አይፈልግም። ለዘገባችሁ ይህን ያህል ማጣራት ከብዷችሁ ነበር?

አንድ ነገር ልጨምር፤ እሱም አስከፍቶኛል። «ባሕር ለማያውቀው ለወሎ ደገኛ እንግዳ የሆነ ዓለም» ብላችሁ ጽፋችኋል። በደቡብ ወሎ ጠርዝ በሚያልፈው በዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ አለ። የድሮ ባሕር ያስቀመጠው ድንጋይ ነው። ስፖንጅም ቢሆን የባሕር ብቻ አይደለም፤ ጨው በሌለው ሐይቅና ወንዝ የሚኖሩ ዝርያዎች አሉት። የኛ ልጆች ስለ ባሕር ሲያነቡ እንደ እንግዳ የሚቆጠሩበት ምክንያት አይታየኝም። እነሱ እኮ አንባቢዎቻችሁ ናቸው።

ማረሚያ አውጡ። ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ ዘገባው በወጣበት ፊደል አውጡት። ተማሪዬ በየቀኑ ስልኳን ከፍታ እያየች ነው።

የባዮሎጂ መምህርት
ከደሴ