ስለ ማስተር

ሆዴ፣

እንደምን ከረምሽ? ባልሽና ልጅሽ ደህና ናቸው? እኔ ክብር ለመድኃኔዓለም ደህና ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ ጎንደር አሁን አደይ አበባ በአደይ አበባ ሆናለች።

ባለፈው በስልክ ማስተር ማረፉን ስነግርሽ ድምፄ ተቀይሮ ደነገጥሽ። "እማዬ፣ የሥራ ባልደረባሽ አይደል እንዴ? ይህን ያህል ትቀራረቡ ነበር?" አልሽኝ። በስልክ እንዲህ ነው ብዬ መመለስ አቃተኝ። አንቺ የምታስታውሺው ከትምህርት ቤት ስትመጪ ቢሮ ከረሜላ የሚሰጥሽን ሰውዬ ብቻ ይሆናል።

እኔ ሪከርድና ማህደር ነበርኩ፤ እሱ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለው ንብረት ክፍል። ዘበኛውም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ቡና የምታፈላልን ልጅም "ማስተር" ነው የሚሉት። ቴኳንዶ ነፍሱ ነበር። ማለዳ ገና ፒያሳ ሱቆች ሳይከፈቱ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ያላየው የለም፤ ብርድ አይል፣ ዝናብ አይል። ነጩን ልብሱን በፌስታል ይዞ ይመጣና ከግምጃ ቤቱ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። በሻይ ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ክበብ ሲወርድ እሱ በሩን ገርበብ አድርጎ ፑምሴ ይሠራል።

ፑምሴ ማለት ፊት ለፊት ሰው ሳይኖር ብቻን የሚሠራ፣ ተራው የታወቀ የመመከትና የመምታት እንቅስቃሴ ነው። የመጀመሪያው ቴጉክ ኢል ጃንግ ይባላል፤ 18 እንቅስቃሴ አለው። ወደ ግራ ዞሮ ታች መመከት፣ አንድ እርምጃ ገብቶ በቡጢ መምታት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ያንኑ በሌላው በኩል። ግምጃ ቤቱ ግን ጠባብ ነው። በዚህ የወረቀት እሽግ፣ በዚያ የተሰባበረ ወንበር ክምር። ስለዚህ እርምጃውን በግማሽ ያሳጥረዋል። ጡጫው መደርደሪያው ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ቀጥ ይላል። እዚያ ላይ የተደረደሩት የማህተም ቀለም ጠርሙሶች ንቅንቅ አይሉም። ሲጨርስ ለባዶው ግድግዳ እጅ ይነሳል። ዕቃ ሲቆጥርም በኮሪያኛ ነው፤ ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት። ኦዲተሮች ሲመጡ ይስቁ ነበር። ቆጠራው ግን አንድም ቀን ጎድሎበት አያውቅም።

የኮሪያ ፍቅሩ ከአጎቱ ነው የመጣው። አጎቱ ቃኘው ሻለቃ ውስጥ ነበሩ። ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ነው ወደ ኮሪያ የዘመተው። በየተራ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። አጎቱ ስለ በረዶውና ስለ ተራራው ሲያወሩለት ነው ያደገው። "ደማችን የፈሰሰበት አገር ስፖርት ነው፤ የኛም ነው" ይል ነበር። ይህን ሲል ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

በ2013 ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው አበደ። ቢሮ ውስጥ ወሬው አፄዎቹ ብቻ። ማስተርም ደስ ብሎታል፤ ልቡ ግን ቶኪዮ ነበር። በዚያው ክረምት ሰለሞን ቱፋ በ58 ኪሎ በኦሎምፒክ ቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳደረ። ከጃፓን ጋር የ6 ሰዓት ልዩነት ስላለን ሌሊቱን ስልኩ ላይ አፍጥጦ አደረ። ሰኞ ቢሮ ሲገባ ስለ ማሸነፍ መሸነፉ አላወራም። "ባንዲራችን ልብሱ ላይ ነበር፤ አየሽው?" ነው ያለኝ።

አሁን ስለ ሁለት እጁ ልንገርሽ። አንድ ብዕር ለማውጣት ሞዴል 20 የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ትሞያለሽ፤ እሱ ሞዴል 22 የሚባለውን የዕቃ ወጪ ደረሰኝ ይቆርጣል። ይህ የመንግሥት ቢሮ ሁሉ ሥርዓት ነው። እሱ ግን ዕቃውን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ያቀርብልሻል። አንቺም በሁለት እጅሽ ካልተቀበልሽው አይለቅም። አይቆጣም፣ አይናገርም፤ ቆሞ ይጠብቃል። "እኛስ ለታላቅ ሰው ውኃ ስናቀብል በሁለት እጃችን አይደል? ኮሪያዎችም እንደዚያው ናቸው" ይለኛል። ለእሱ ግን ታላቅ ታናሽ የለም። ጽዳት የምትሠራዋ ሴትዮ "መወልወያ እንኳ በክብር የሚሰጠኝ እሱ ብቻ ነው" ትል ነበር።

አንድ ጊዜ አዲስ ኃላፊ ተሾመብን። ስልክ እያወራ ቶነር ሊቀበል አንድ እጁን ዘረጋ። ማስተር ቶነሩን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ቀረ፤ ሰውዬው ስልኩን እስኪዘጋ። በማግስቱ "ተገቢ ያልሆነ ባሕርይ በማሳየት" የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወጣበት። ማስተር ደብዳቤውን በሁለት እጁ ተቀበለ። እጅ ነሳ። ወጣ። ግልባጩን ፋይሉ ውስጥ ያያያዝኩት እኔ ነኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ማታ ማታ ደግሞ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የሰፈሩን ልጆች ያስተምራል። የሚከፍል ይከፍላል፤ የሌለው ዝም ብሎ ይሠራል። እሱም መማሩን አላቆመም። በቴኳንዶ የጥቁር ቀበቶ ደረጃ ዳን ይባላል፤ ከአንደኛ ዳን ወደ ሁለተኛ ለመፈተን ቢያንስ 1 ዓመት፣ ወደ ሦስተኛ 2 ዓመት፣ ወደ አራተኛ ደግሞ 3 ዓመት መጠበቅ አለ። ለፈተናው አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ፣ መንገድ አድሮ ነው የሚሄደው። የዓመት ፈቃዱ እዚያው ያልቃል። አራተኛ ዳን የያዘው ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ ነው።

ያስለቀሰኝ ግን ይኼ ሁሉ አይደለም። አባትሽ የሞተ ዓመት አንቺ ድምፅሽ ጠፍቶ ነበር። ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። ሰው ሲያናግርሽ አንገትሽን ትነቀንቂያለሽ እንጂ ቃል አይወጣሽም። ጠበል ወስጄሻለሁ፤ ሐኪምም አሳይቼሻለሁ። እኔ እንኳ "እማዬ" ስትዪኝ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥተሽ ማህደር ክፍል ጥግ ትቀመጫለሽ።

አንድ ከሰዓት ማስተር መጥቶ "እህቴ፣ እስቲ ልጅቷን አውሺኝ" አለኝ። ግምጃ ቤት ይዞሽ ገባ። በሩ ክፍት ነው፤ ከጠረጴዛዬ አያችኋለሁ። እግርሽን በትከሻሽ ልክ አስከፈተሽ። ቡጢ አያያዝ አሳየሽ፤ አውራ ጣት ከውጭ። ኪያፕ የሚሉትን፣ ሲመቱ ከሆድ የሚወጣውን ጩኸት፣ እሱ አስቀድሞ አሰማሽ። አንቺ ዝም። ደገመ። ዝም። አላባበለሽም፣ "ጎበዝ" አላለሽም። አጠገብሽ ቆሞ ጎን ለጎን ይመታል፣ ይጮኻል። ስንት ቀን እንዲህ እንዳደረገ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ አንድ ቀን ጮኽሽ። ሆዴ፣ እንዴት ያለ ጩኸት መሰለሽ! ሒሳብ ክፍሎች ሰው ሞተ ብለው ሮጠው ወጡ። አንቺ እንደገና ጮኽሽ፤ ከዚያ ምርር ብለሽ አለቀስሽ። ማስተር ከፊትሽ ተንበርክኮ እጅ ነሳሽ። የዚያን ቀን ማታ ቤት ገብተን "እማዬ፣ እራት ምንድን ነው?" አልሽኝ። ሽሮ ነበር።

እሱ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ላመሰግነው ስሞክር "ልጅቷ ጉልበቷ ጥሩ ነው፤ ግራ እግሯን ግን ታነሳለች" ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

ቀብሩ ላይ ተማሪዎቹ በነጭ ልብሳቸው ተሰልፈው መጡ። አንዳንድ ሽማግሌ "ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ወግ ነው?" ብሎ አጉረመረመ። ሚስቱ "ተዉአቸው፣ ልጆቹ ናቸው" አለች።

አዳራሹ አልተዘጋም። አሁን የምታስተምረው ከተማሪዎቹ አንዷ ናት፤ ሦስተኛ ዳን ይዛለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ይጀምራሉ። ለጥምቀት ስትመጡ ልጅሽን እወስደዋለሁ። ነግሬያታለሁ፤ "ያምጡት" ብላኛለች። ጫማ እንዳትገዢለት፤ በባዶ እግር ነው የሚሠሩት።

እናትሽ