ለቼዝ ተጫዋቾቻችን መቼ ቆም ብሎ ማሰብ እንደሚገባ እናስተምራቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የማስተምር መምህር ስሆን፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ጨዋታውን ለሚወዱ ተማሪዎችና ለጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ ቼዝ አሠለጥናለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአማተር ተጫዋቾች የሚሰጠው ሥልጠና አንድ ትልቅ ጉዳይ እየዘለለ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ተጫዋቾቻችን ጨዋታ እንዴት እንደሚከፈት፣ ንጉሥ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ በግንብና በንጉሥ ብቻ ቼክሜት እንዴት እንደሚደረግ ይማራሉ። የጨዋታው ዕጣ የሚወሰንበት ቅጽበት ሲደርስ መድረሱን በምን እንደሚያውቁ ግን የሚነግራቸው የለም።

እኔ የማያቸው ወጣቶች፣ የደብረ ብርሃንም ሆኑ ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳ ለትምህርት የሚመጡት፣ በብዛት የሚለማመዱት በእጅ ስልካቸው ነው። ሊቼስ ወይም ቼስ ዶት ኮም የተባሉትን የቼዝ ድረ ገጾች ከፍተው እንቆቅልሽ ይፈታሉ፣ በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ጨዋታ ይጫወታሉ። በእንቆቅልሽ ረገድ ብዙዎቹ የሚያስደንቁ ናቸው፤ ፈረስ ሰውቶ ንግሥት የሚያስገኝ የእንቅስቃሴዎች ጥምረት በአጭር ጊዜ ያዩታል። እነዚሁ ልጆች ግን በገበታ ፊት ተቀምጠው ሲጫወቱ ተመሳሳይ ዕድል በፊታቸው ሲያልፍ ልብ አይሉትም። ዕውቀት አንሷቸው እንዳይመስላችሁ። እንቆቅልሹ ገና ሲከፈት «እዚህ የሚገኝ ነገር አለ» ብሎ ይነግራቸዋል፤ በእውነተኛ ጨዋታ ላይ ይህን የሚናገር ድምፅ ስለሌለ፣ ያው ዓይን ያንኑ አቀማመጥ እንደ ማንኛውም ተራ አቀማመጥ አይቶ ያልፈዋል።

ጉዳዩ የአማተሮች ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጨዋታ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 በሩሲያዋ ሶቺ ከተማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ስድስተኛ ጨዋታ ላይ የወቅቱ ሻምፒዮን ማግነስ ካርልሰን በ26ኛው እንቅስቃሴ ንጉሡን ዲ2 ወደሚባለው ቤት ወሰደ (የገበታው ቤቶች በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ)። ጥቁሮቹን ይዞ የነበረው ቪስዋናታን አናንድ በፈረሱ በኢ5 ላይ የቆመውን ወታደር ቢበላ ኖሮ፣ ካርልሰን ግንብ ቢወስድበት እንኳ ፈረሱ ንጉሡን እያስፈራራ (በቼክ) ሌላ ወታደር በልቶ ወጥቶ፣ ግንቡንም መልሶ፣ በሁለት ወታደር ብልጫ ይጫወት ነበር። አናንድ ብዙም ሳይቆይ የዳር ወታደሩን ገፋ። ካርልሰን ጨዋታውን አሸነፈ፤ ውድድሩንም በ6.5 ለ4.5 አጠናቀቀ። አናንድ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው፤ ያንን አቀማመጥ እንደ እንቆቅልሽ ቢሰጡት ወዲያው እንደሚፈታው የሚጠራጠር የለም። በዚያች ደቂቃ ያጣው የመፍታት ችሎታን ሳይሆን የመጠርጠር ዝግጁነትን ነው፤ ካርልሰን ይሳሳታል ብሎ አልጠበቀምና። ቭላድሚር ክራምኒክም እ.ኤ.አ. በ2006 በቦን ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ሲጫወት፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ፣ በአንድ እንቅስቃሴ የሚመጣበትን ቼክሜት ሳያይ ንግሥቱን ወደ ሌላ ቦታ ወስዷል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ቅጽበት ራስን ማዘጋጀት የሚቻል ከሆነ፣ በምን ዓይነት ምልክት ይታወቃል? ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የማስተምረው የባላጋራን የመጨረሻ እንቅስቃሴ እንዲጠይቁት ነው፤ የተነሣው ጠጠር ምን ሊያደርግ እንደመጣ ብዙዎች ይጠይቃሉ፣ ሲነሣ ምን ሳይጠበቅ እንደተወ ግን የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው። ጠባቂ የሌለው ጠጠር፣ ከፊቱ መከለያ ያጣ ንጉሥ፣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የተሸከመ ግንብ በታየ ቁጥር እጅን ከገበታው ማራቅ ይገባል። ሁለተኛው ምልክት በቃል የተጠናው አከፋፈት ማለቁ ነው፤ እዚያ ላይ ተጫዋቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ጭንቅላት መጫወት ይጀምራል፣ ይሁን እንጂ በለመደው ፍጥነት ይቀጥላል።

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅለት ምልክት ግን ወደኋላ የማይመለስ ነገር ሊደረግ ሲል የሚታየው ነው። ፈረስ የሄደበትን መንገድ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ወታደር አይችልም፣ የተለዋወጡት ጠጠርም ወደ ገበታው አይመለስም። በተለይ የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ጠጠሮች ተለዋውጠው ንጉሥና ወታደር ብቻ የሚቀሩበት ውሳኔ፣ በአማተር ጨዋታ ላይ ከማንኛውም በላይ በችኮላ ሲወሰን አያለሁ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ነጭ ንጉሥ በኢ5፣ ነጭ ወታደር በኢ4፣ ጥቁር ንጉሥ በኢ7 ቆመዋል እንበል። ተራው የጥቁር ከሆነ ነጭ ያሸንፋል፤ ተራው የነጭ ከሆነ ጥቁር በትክክል ከተከላከለ ጨዋታው አቻ ነው። ገበታው ላይ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ልዩነቱ ተራው የማን እንደሆነ ብቻ ነው። ግንቡን ከመለዋወጡ በፊት ይህን ቆጥሮ ያየ ተጫዋች አሸናፊ ይሆናል፤ «አንድ ወታደር ስለምበልጥ ልለዋወጥና ላቅልለው» ብሎ የተለዋወጠው ደግሞ የያዘውን ድል በገዛ እጁ የአቻ ግማሽ ነጥብ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በሲንጋፖር የዓለም ሻምፒዮናው የተወሰነው በዚሁ ዓይነት ቅጽበት ነበር። በ14ኛውና በመጨረሻው ጨዋታ የወቅቱ ሻምፒዮን ዲንግ ሊረን በ55ኛው እንቅስቃሴ ግንቡን ወደ ኤፍ2 ወስዶ ግንብ ለግንብ ለመለዋወጥ አቀረበ። የዲንግ ጳጳስ ግን በኤ8 ጥግ ላይ ተቀምጦ ስለነበር፣ ጉኬሽ ዶማራጁ ግንቡን ከተለዋወጠ በኋላ የራሱን ጳጳስ ወደ ዲ5 አምጥቶ ጳጳሶቹንም በግድ ማስለወጥ ቻለ፤ የቀረው የንጉሥና የወታደር ጨዋታ የእርሱ ድል ነበር። ጉኬሽ በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ለብዙ ሰዓት አቻ የሚመስል ጨዋታ ሲጫወት ከቆየ በኋላ፣ ያቺ አንዲት እንቅስቃሴ ከቀደሙት እንደምትለይ ስለተረዳ ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ጨዋታ ደጋግሜ የማሳያቸው ስለዚህ ነው፤ ጥምረቱ ራሱ ለመካከለኛ ተጫዋች እንኳ ከባድ አይደለም።

ስለ ሰዓት አጠቃቀምም ልናገር። አማተሮቻችን ሰዓታቸውን በእንቅስቃሴዎቹ ላይ እኩል የማከፋፈል ልማድ አላቸው፤ አለዚያም በአከፋፈቱ ላይ ተጨንቀው ይጨርሱትና መሐሉ ላይ ይሮጣሉ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር በሜዳው ላይ ይነዳና ጣርማ በር ሲደርስ ጉሙና ጠመዝማዛው ሳይይዙት በፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጫዋቹም መንገዱ የቱ ጋ እንደሚጠመዘዝ ካላወቀ ያለው ሰዓት ቢበዛም አይጠቅመውም። በአሥራ አምስት ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ የሚያስብ፣ የቀረውን በመጠነኛ ፍጥነት የሚጫወት ልጅ፣ ሁሉንም እኩል ከሚያስበው በላይ ርቆ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሰንጠረዥ የተባለውን የጥንቱን የአገራችንን የቼዝ ዓይነት ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ባላጋሮች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህ ወረራ የሚባለው ምዕራፍ የሚያበቃው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲወስድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በየተራ ይሆናል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ተጫዋች እጁ በራሱ ጠጠሮች ላይ ሆኖ ዓይኑ ከባላጋራው አሰላለፍ ሊነቀል አይችልም ነበር፤ የመጀመሪያውን ጠጠር መቼ መውሰድ እንዳለበት መወሰን የጨዋታው ግማሽ ነበርና። አልፎ አልፎ ተማሪዎቼን በዘመናዊው ገበታ ላይ በወረራ አጀማመር አጫውታቸዋለሁ። ከስልክ ያልተማሩትን ነገር፣ የባላጋራን ግማሽ ገበታ ያለማቋረጥ መመልከትን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲለምዱት አያለሁ። አሠልጣኞች እንዲሞክሩት እለምናለሁ።

የሥልጠናው አሰጣጥ በሌላም መንገድ ሊለወጥ ይገባል። እንቆቅልሽ ሲሰጥ ከአሥሩ አቀማመጥ ሦስቱ ወይም አራቱ ምንም የተለየ ነገር የሌለባቸው፣ ጠጠርን ወደ ተሻለ ቦታ መውሰድ ብቻ የሚበቃባቸው ይሁኑ፤ ጥያቄውም «ነጭ እንዴት ያሸንፋል?» መሆኑ ቀርቶ «እዚህ ብዙ ማሰብ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ለምን?» ይሁን። እንዲህ የተለማመዱ ልጆች በመጀመሪያ ይበሳጫሉ፤ ውለው አድረው ግን የሌለ መስዋዕትነት ፍለጋ ሰዓት ማባከናቸው ይቀንሳል። ጨዋታ ካለቀ በኋላም ወዲያው ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ኮምፒውተር ፕሮግራም ከመክፈት በፊት፣ ተጫዋቹ ጨዋታው ተለወጠ ብሎ የሚያምንበትን ቦታ በወረቀት ላይ ምልክት ያድርግ፤ ከጎኑም ያን ጊዜ ምን ያህል ሰዓት እንደቀረው ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ከሚያሳየው ጋር ያስተያይ። ኮምፒውተሩ ማን እንደሚበልጥ የሚያሳየው ቁጥር የት ላይ እንደተገለበጠ ይነግረዋል፤ ተጫዋቹ ያን ቦታ ለምን ተራ ነው ብሎ እንዳለፈው ግን ሊያውቅ የሚችለው ራሱ ብቻ ነው።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። በአማተር ደረጃ ጨዋታ የሚወሰነው ጠጠርን በነፃ በመስጠት ስለሆነ ልጆቹ ዝም ብለው እንቆቅልሽ ያብዙ ይላሉ። የሚሉት እውነትነት አለው፤ ብዙው ጨዋታ በእርግጥ በነፃ በተሰጠ ጠጠር ይወሰናል። ጥያቄው ግን ያንን ጠጠር በእንቆቅልሽ ላይ አይቶ የሚበላው ልጅ በጨዋታ ላይ ለምን እንዳላየው ነው፣ ለዚህም እንቆቅልሽ ማብዛት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ውድድር ለሚያዘጋጁ አካላትም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከአሥር ደቂቃ በላይና ከስልሳ ደቂቃ በታች የሚደረግ ጨዋታ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ፈጣን ጨዋታ ስለሚባል ተጫዋቾች እንቅስቃሴያቸውን የመመዝገብ ግዴታ የለባቸውም። በየዞኑና በየትምህርት ቤቱ የሚደረጉት ውድድሮች በአዳራሽና በጊዜ እጥረት የተነሣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ ዓይነት የሚካሄዱ በመሆናቸው፣ ልጆቹ የተጫወቱት ሁሉ በዚያው ቀን ይጠፋል፤ ያልተመዘገበ ጨዋታ ደግሞ ተመልሶ አይመረመርም። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ጊዜ የሚሰጥበት፣ ምዝገባውም ግዴታ የሆነበት ውድድር ቢዘጋጅ፣ የሚጠይቀው እስክሪብቶና ወረቀት፣ ጥቂት የቼዝ ሰዓት መቁጠሪያዎችና ጸጥ ያለ ክፍል ነው።

ለጋዜጣችሁ የማቀርበው ልመና ደግሞ በስፖርት ገጹ ላይ በሳምንት አንዲት ትንሽ የቼዝ ሥዕል እንድታወጡልን ነው። ከሥዕሏ በታች «ነጭ በሁለት እንቅስቃሴ ያሸንፋል» የሚል ጽሑፍ አይኑርባት፤ ተራው የማን እንደሆነ ብቻ ይጻፍ። አንዳንዱ ሳምንት ከባድ ጥምረት ያለበት ይሁን፣ አንዳንዱ ሳምንት ምንም የሌለበት። መልሱ ከነምክንያቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይውጣ። አቀማመጦቹን ስማቸው ሳይጠቀስ ከራሳችን ተማሪዎች ጨዋታዎች መርጬ፣ ከማብራሪያቸው ጋር፣ ያለ ምንም ክፍያ በየሳምንቱ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ